ወተቱ ተመረመረ፣ በርበሬው ተመረመረ፤ የራያ ማሽላስ?

እ.ኤ.አ በ2015 መጨረሻ አካባቢ አዲስ አበባ ላይ የወተት ገበያ ድንገት ተቀዛቅዞ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። መነሻው አንድ ጥናት ነው። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባና ዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ወስደው መረመሩ። አፍላቶክሲን ያልተገኘበት ናሙና አንድም አልነበረም። የአውሮፓ ህብረትን ጥብቅ ገደብ ያላለፉት 9 ብቻ ሲሆኑ፣ 29ኙ ደግሞ ላላ ያለውን ዓለም አቀፍ ገደብ ጭምር አልፈው ተገኙ። ዋናው ተጠርጣሪ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ዜናው ወጣ፣ ሰው ደነገጠ፣ ወተት ገዢ ቀነሰ፣ ከዚያ ተረሳ።

በርበሬና ቅመማ ቅመም ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ህብረት የሚገቡ በርበሬና ቅመሞች በዚሁ መርዝ ምክንያት የተለየ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ምርቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። እቃው ድንበር ላይ ይቆማል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ካለፈ ይገባል፣ ካላለፈ ይመለሳል ወይም ይወገዳል።

አሁን ወደ ቆቦ እንምጣ። ከወልዲያ ተነስታችሁ በጎብዬና በሮቢት በኩል ቆቦን አልፋችሁ እስከ ዋጃና አላማጣ ብትሄዱ ሜዳውን የሞላው በአብዛኛው ማሽላ ነው። ጤፍም አለ፣ በከርሰ ምድር ውሃ የሚለማ አትክልትም አለ፤ የቤቱ እንጀራ፣ ቂጣው፣ ንፍሮውና ጠላው ግን ከማሽላ ነው። ይሄን ማሽላ ማን ይመረምረዋል? ገበሬው ወደ ገበያ ሲያመጣው የሚለካው ክብደቱ ነው። ነጋዴው በእጁ ዘግኖ ያየዋል፣ አንዳንዱ ቆርጠም ያደርገዋል፣ አለቀ። ለአውሮፓ ሸማች ማንኪያ በርበሬ ላብራቶሪ ተዘጋጅቷል፤ በቀን ሦስቴ ማሽላ ለሚበላ የራያ ቤተሰብ ግን ያ ላብራቶሪ የለም። በዚህ ፅሁፍ ልናነሳ የፈለግነው ይሄን ነው።

ነገርየው ምንድን ነው?

አፍላቶክሲን አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባል ሻጋታና ዘመዶቹ የሚያመርቱት መርዝ ነው። ስሙም የተገጣጠመው ከዚሁ ሻጋታ ስም ነው። ሻጋታው አፈር ውስጥ ይኖራል፣ በነፋስ ይጓዛል፣ ዘለላው ላይ ያርፋል፣ ምቹ ጊዜ ይጠብቃል። ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ በ1960 ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ተርኪዎች (ቱርክ ዶሮ የምንላቸው) ባልታወቀ በሽታ አለቁ፤ ሲጣራ ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ መኖ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አፍላቶክሲንን ካንሰር አምጪነታቸው በሰው ላይ በተረጋገጠ ነገሮች መደብ ውስጥ አስቀምጦታል፤ ሲጋራም እዚያው መደብ ነው። ዋና ዒላማው ጉበት ነው።

ሁለት ነገር ግን ብዙ ሰው ያምታታል። አንደኛ፣ ሻጋታ ሁሉ አፍላቶክሲን አያመርትም። ሁለተኛውና የባሰው፣ አፍላቶክሲን ያለበት እህል ሁሉ ሻጋታ አይታይበትም። ሻጋታው ደርቆ፣ ሞቶ፣ ተራግፎ ሊሆን ይችላል፤ የተወው መርዝ ግን እህሉ ውስጥ ይቆያል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። "እኛ ስንበላው ኖረናል፣ ምንም አልሆንን" የሚለው መልስ የሚመጣው ለዚህ ነው። አብዛኛው ጉዳት የዛሬ ምሳ የነገ ህመም ሆኖ አይመጣም፤ ዓመታት ጠብቆ ጉበት ላይ ነው የሚወጣው። ያኔ ደግሞ ማንም ከማሽላው ጋር አያገናኘውም።

"እሳት ያየ እህል ምን ይሆናል?" የሚለውም ብዙ አያዋጣም። መርዙ እንዲፈርስ ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ምጣዱ ቢግልም እንጀራው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ የሊጡ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። ማቡካትና መጋገር የተወሰነውን ይቀንሱ ይሆናል እንጂ ጠርገው አያወጡትም።

መጠኑ ደግሞ ለማሰብ የሚከብድ ትንሽ ነው። የምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ ለእህል ያስቀመጠው ገደብ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው። በኛ አገር ሚዛን ሲመታ 1 ግራም መርዝ በ1,000 ኩንታል እህል ውስጥ ማለት ነው። የጭነት መኪና ተሳቢዎች ተደርድረው፣ በዚያ ሁሉ እህል ውስጥ አንድ ቁንጥጫ!

ከዚህ የሚከተለውን ሂሳብ ልብ በሉ። በኪሎ 10 ማይክሮግራም ያለበት ኦቾሎኒ በቀን 50 ግራም የሚበላ ሰው ግማሽ ማይክሮግራም ይወስዳል። ያው መጠን ያለበትን ማሽላ በቀን 500 ግራም የሚበላ ሰው 5 ማይክሮግራም ይወስዳል፣ አስር እጥፍ። ገደቡ ላይ "ንፁህ" የሚባል እህል፣ ምግቡ በሙሉ አንድ እህል ለሆነ ሰው ያን ያህል ንፁህ አይደለም። የገበታ ስብጥር የጤና ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው።

ራያ ሜዳ ለምን?

ቆቦ ከባህር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላማ ሜዳ ነው። ሻጋታው የሚወደው ሙቀት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ቆቦን የሚያውቅ ሰው ይሄ ቁጥር ምን እንደሆነ አይነገረውም። ግን ሙቀት ብቻውን አይደለም። ትልቁ ነገር የዝናቡ አወጣጥ ነው።

የራያ ዝናብ ዘግይቶ ይገባል፣ ቀድሞ ይወጣል። ገበሬው ለዚህ ነው ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ የሚያጠጣው። ዝናቡ ማሽላው ፍሬ በሚቋጥርበትና በሚሞላበት ጊዜ ቀጥ ሲል ተክሉ ይጨነቃል፤ በውሃ ጥም የተጨነቀ ተክል ደግሞ ሻጋታን የመከላከል አቅሙ ይወድቃል። ማለትም አፍላቶክሲን "የጎተራ ችግር" ብቻ አይደለም፤ ማሳ ላይ ይጀምራል። ድርቅ የእህሉን መጠን ብቻ ሳይሆን የተረፈውንም ጥራት ይነካል። ስለ ድርቅ በሚወጡ ዜናዎች ላይ ይሄኛው ግማሽ ሲነሳ አናይም።

እዚህ ላይ የዘር ጉዳይ ይመጣል። የቆቦ ገበሬ የሚወዳቸው እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉ የአገር ዝርያዎች ረጃጅም ናቸው፣ ለመድረስ ብዙ ወር ይፈልጋሉ፣ የእንጀራቸው ነገር አይወራም፣ አገዳቸው ደግሞ ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት ስራ ይውላል። ችግራቸው መጨረሻው ላይ በድርቅ መያዛቸው ነው። በሌላ በኩል ቶሎ የሚደርሱ የተሻሻሉ ዝርያዎች አሉ፤ በስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት እነ ግራና አንድ፣ እንዲሁም አቀንጭራ አረምን የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽር (የመጀመሪያው ስሙን ከዚሁ አካባቢ ከተማ ጋር ይጋራል)። እነዚህ ከድርቁ ያመልጣሉ። ግን ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ዝናቡ ሳይወጣ ከደረሰ ዘለላው እርጥብ ላይ ይቀመጥና ሌላ ሻጋታ ይይዘዋል። የአገዳው ማጠርም ከብት ላለው ሰው ቀላል ኪሳራ አይደለም። ስለዚህ "ገበሬው የተሻሻለ ዘር እምቢ አለ" እየተባለ የሚወራው ወሬ እኛን አያሳምነንም። ገበሬው እያመዛዘነ ነው። የሚጎድለው በሂሳቡ ውስጥ የመርዙም ጉዳይ እንዲገባ የሚነግረው ሰው ነው።

ቆረጣ፣ ክምር፣ አውድማ

አሁን ዘለላው ተቆረጠ። ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ይደረደራል፣ ከዚያ ይከመራል፣ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ ይወቃል። በዚህ መሀል ህዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጠብ ካለ ክምሩ ከውስጥ ይሞቃል። እጃችሁን ክምር ውስጥ ከታችሁ ሙቀት ከተሰማችሁ ሻጋታው ስራ ጀምሯል ማለት ነው።

መፍትሄው የሮኬት ሳይንስ አይደለም፤ ዘለላውን አፈር እንዳይነካ ሸራ ላይ ማድረግ፣ ሳይደርቅ አለመከመር፣ ሲወቃ ፍሬው እንዳይሰባበር መጠንቀቅ፣ ወደ ማከማቻ ሳይገባ እርጥበቱን ከ13 በመቶ በታች ማውረድ። በጥርስ ቆርጥሞ ማወቅ የለመደ ሰው ብዙውን ጊዜ ይሳካለታል፣ ግን 13ን ከ15 በጥርስ መለየት ከባድ ነው። አንድ ርካሽ ዘዴ አለ። ደረቅ የብርጭቆ ማሰሮ ወይም ንፁህ ጠርሙስ ውሰዱ፣ እህሉን ጨምሩ፣ ትንሽ በደንብ የደረቀ ጨው ጨምሩ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ለጥቂት ደቂቃ አንቀጥቅጡ፣ ከዚያ አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፣ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተለጠፈ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል ማለት ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ጨምሮለት ማስገባት ይቻላል። በስልክ ቀርፆ ለቤተሰብ ለመላክ የሚሆን የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ነው፣ ቲክቶክ ላይ ከሚዞረው ብዙ ነገር ይሻላል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ቀላል ከሆነ ለምን አይደረግም? ገበያውን እዩት። ገበያው የሚከፍለው በኪሎ ነው። 18 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል ማሽላ ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ 94 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በደንብ ያደረቀው ገበሬ በየኩንታሉ ስድስት ኪሎ የሚጠጋ ያጣል፤ ሳያደርቅ የሸጠው ጎረቤቱ የውሃ ዋጋ ይቀበላል። ሸራ የገዛው ራሱ፣ ቀናት የጠበቀው ራሱ፣ የተቀጣውም ራሱ! ለንፁህ እህል አንድ ብር የሚጨምር ነጋዴ እስከሌለ ድረስ "ግንዛቤ መፍጠር" የሚባለው ስብሰባ ብቻውን የትም አያደርስም። ስልጠናው ላይ ያለው ገበሬም ይሄን ያውቃል፣ አበሉን ወስዶ ይሄዳል።

ጉድጓዱ

ማሽላ በሚበላበት የኢትዮጵያ ክፍል፣ ከሐረርጌ እስከ ወሎ ቆላ፣ እህል ጉድጓድ ውስጥ መቅበር የቆየ ጥበብ ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ግድግዳው በጭድ ይለበዳል፣ እህሉ ይሞላል፣ አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። ብዙ ሰው ይሄን "ኋላ ቀር" ብሎ ያልፈዋል። ልክ አይደለም። አየር የማይገባው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ነቀዝ ኦክስጅን ጨርሶ ይሞታል። ዛሬ በላብራቶሪ ተሰርቶ የሚሸጠው አየር የማያስገባ ከረጢት የሚሰራው በዚሁ መርህ ነው። በተጨማሪ ጉድጓድ እሳት አይበላውም፣ ዘራፊም አያየውም።

ይሄ የመጨረሻው ነጥብ ለቆቦ ተራ ነገር አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም የአንበጣ መንጋ ራያ ቆቦ ላይ ወርዶ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ከባድ ጉዳት አደረሰ። በቀጣዩ ክረምት ጦርነቱ ገባ፤ አካባቢው እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ድረስ በጦርነት ውስጥ ነበር፣ ማለትም የማሽላው ቆረጣ ወቅት በዚያ መሀል አለፈ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም ቆቦ ላይ ውጊያው እንደገና አገረሸ፣ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም። ከዚያም በኋላ ክልሉ ሰላም አላገኘም። እንዲህ ባለ ጊዜ እህልን መቅበር ብልህነት ነው። ሳይደርቅ መቅበርም የሚመጣው ያኔ ነው፤ ቸኩሎ መቁረጥ፣ ቸኩሎ መውቃት፣ ለሊት መቅበር።

ኬንያ ላይ የሆነውን ማየት እዚህ ጋ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ በ2004 በምስራቅ ኬንያ፣ በተለይ በማኩዌኒና ኪቱዊ፣ 317 ሰዎች በአፍላቶክሲን ተመርዘው 125ቱ ሞቱ። እህሉ በቆሎ ነበር። ድርቅ ነበር፣ ከዚያ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ መጣ፣ ሰው ሌባ እንዳይወስድበት ብሎ ሳይደርስ ሰበሰበ፣ እርጥብ እህሉን ቤቱ ውስጥ አስገባ። በኋላ የተደረገው ምርመራ እርጥብ በቆሎን ቤት ውስጥ ማከማቸት ከህመሙ ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳየ። ከአካባቢው ገበያዎች ከተወሰዱ የበቆሎ ናሙናዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በኪሎ 20 ማይክሮግራም ከሚለው የኬንያ ገደብ በላይ ነበሩ። ድርቅ፣ ስጋት፣ ችኮላ፣ እርጥበት፤ ከእነዚህ አራቱ ለቆቦ እንግዳ የሆነው የትኛው ነው?

አንድ ነገር በፍጥነት እናስተካክል፤ ማሽላ ከበቆሎና ከኦቾሎኒ ያነሰ ተጋላጭ ነው፣ ስለዚህ የኬንያው ነገር ነገ ራያ ላይ ይደገማል እያልን አይደለም። ግን ማሽላ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2006 የታተመ ጥናት ከተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች የተሰበሰቡ 352 የገብስ፣ የማሽላ፣ የጤፍና የስንዴ ናሙናዎችን አይቶ በ8.8 በመቶዎቹ አፍላቶክሲን ቢ1 አግኝቷል፤ ከፍተኛው በኪሎ 26 ማይክሮግራም ነበር። አራቱም እህሎች ላይ ተገኝቷል፣ ጤፍንም ጨምሮ። የምስራቅ ሐረርጌ ማሽላ ላይ በተሰራ ሌላ ጥናትም ትኩስ ከተሰበሰበውም ከተከማቸውም ናሙና ላይ ተገኝቷል። ከምስራቅ ኢትዮጵያ የተወሰደው ኦቾሎኒ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ከ120 ናሙና 93ቱ ላይ የተገኘ ሲሆን ከፍተኛው በኪሎ ከ11 ሺህ ማይክሮግራም በላይ ነበር። ከቆሎው ጋር ኦቾሎኒ የምትቀላቅሉ፣ የተጨማደደውንና ቀለሙ የተቀየረውን ሳታዩ አትዋጡ።

ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። ችግሩ ከአፈሩ የሚገባው እርጥበት ነው፤ ከአፉ ስርና ከግድግዳው ጋር የተጠጋው እህል ይሻግታል፣ መሀሉ ደህና ይሆናል። ሲወጣ ብዙ ቤት ሁሉም አንድ ላይ ይሰጣል፣ ይበጠራል፣ ይቀላቀላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። አፍላቶክሲን እህል ውስጥ እኩል አይበተንም፤ ጥቂት ፍሬዎች ብዙውን መርዝ ይይዛሉ። የላይኛውንና የግድግዳውን ለብቻ ማውጣት፣ ቀለሙ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ የቀለለውንና የተሰባበረውን በሰፌድ አበጥሮና በእጅ ለቅሞ መለየት አደጋውን በብዙ ይቀንሳል። መፈተግም ይረዳል፣ ብዙው መርዝ የሚገኘው ውጪኛው ሽፋን አካባቢ ስለሆነ። እናቶቻችን ሰዓታት ተቀምጠው እህል ሲለቅሙ የነበረው ለጠጠር ብቻ አልነበረም ማለት ነው። (በነገራችን ላይ ጉድጓድ እንደተከፈተ ወዲያው ሰው መግባት የለበትም። የታመቀው አየር ኦክስጅን የሌለው ስለሆነ ይገድላል። ክፍት አድርጎ ማናፈስ ግድ ነው።)

የተለየውስ ምን ይሁን? "ጣሉት" ማለት ለኛ ስልክ ይዘን ለምንፅፈው ይቀላል። ድርቅ ባለበት ዓመት እህል የሚጥል ሰው የለም፤ ለዶሮ ይሰጣል፣ ለላም ይሰጣል፣ ለጠላ ይውላል። ዶሮ በጣም ይጎዳበታል። ላም የበላችው መርዝ ከፊሉ ተቀይሮ በወተቷ ይወጣል፣ አዲስ አበባ ላይ የታየው ይሄው ነው። ጠላም አያጠፋውም። ከሁሉም የባሰው ለትንንሽ ልጆችና ለምታጠባ እናት መስጠት ነው፣ በእናት ጡትም ያልፋልና። የከፋውን ክፍል ለይቶ ማስወገድ ከአንድ ኩንታል ጥቂት ኪሎ ማጣት ነው፤ ሙሉውን ቀላቅሎ መብላት ደግሞ ኩንታሉን በሙሉ መበከል ነው። ከሁለቱ የትኛው ኪሳራ እንደሚበልጥ በዚህ መልኩ ቢነገር ሰው የሚሰማ ይመስለናል።

ልጆቹ ጋ

ከአማራና ከትግራይ ክልሎች ከ1 እስከ 4 ዓመት የሆናቸው 200 ህፃናት ሽንት ተመርምሮ በ17 በመቶዎቹ አፍላቶክሲን መገኘቱን እ.ኤ.አ በ2017 የታተመ ጥናት ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ከህፃናቱ መቀንጨር ጋር ግንኙነት ፈልገው አላገኙም። ምዕራብ አፍሪካ ላይ ቤኒንና ቶጎ ውስጥ የተሰራው ጥናት ግን መርዙ በደማቸው የበዛ ህፃናት አጠርና ከሳ ያሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ክርክሩ አልተዘጋም፤ "አፍላቶክሲን ልጆቻችንን አቀነጨረ" ብሎ መለጠፍ ገና ነው። የጉበቱ ጉዳይ ግን ክርክር የለበትም፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው አፍላቶክሲን ሲጨመርበት የጉበት ካንሰር ስጋቱ እስከ 30 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልፃል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ በኢትዮጵያ ለህፃናት በሚሰጠው አምስት በአንድ ክትባት ውስጥ አለ። ከዚያ በፊት የተወለድን፣ ማለትም የዚህ ገፅ ተከታይ ግማሹ፣ አላገኘነውም። መመርመርና መከተብ ይቻላል።

ማን ምን ያድርግ?

ለቤተሰብ ደረጃ በጣም የሚያዋጣው አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ነው፤ ፒክስ በሚል ስም ኢትዮጵያ ውስጥ ይሸጣል። ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ከውስጥ፣ ከውጭ ተራ ማዳበሪያ። የደረቀ እህል ከገባበት ነቀዝም ሻጋታም አያድግም፣ የነቀዝ ክኒንም አያስፈልግም (ክኒኑ ነቀዝ ይገድላል እንጂ አፍላቶክሲን ላይ ምንም አይሰራም፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ለሰው አደገኛ ነው)። እርጥብ እህል ከገባበት ግን ከረጢቱም አያድንም። ሳዑዲም ሆነ አዲስ አበባ ሆናችሁ ለቤተሰብ ብር የምትልኩ የራያ ልጆች፣ ህዳር ከመግባቱ በፊት ሁለት ሸራና ጥቂት ከረጢት አስገዝቶ መላክ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ከቤተሰብ በላይ ያለውን ግን ቤተሰብ አይፈታውም። አፍላሴፍ የሚባል ምርት በናይጄሪያ፣ በኬንያ፣ በሴኔጋልና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተመዝግቦ በስራ ላይ ነው። መርዝ የማያመርት የዚሁ ሻጋታ ዘር ማሳ ላይ ይበተንና መርዘኛውን ቦታ ይነጥቀዋል፤ በሄክታር 10 ኪሎ፣ ሰብሉ ከማበቡ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት። ብክለቱን ከ80 በመቶ በላይ የሚቀንስባቸው ማሳዎች ብዙ ናቸው። የሚገርመው፣ ሻጋታው ተለብጦበት የሚበተነው እህል የተቆላ ማሽላ ነው! የሚሰራው በየአገሩ ከተገኘ የአካባቢ ሻጋታ ስለሆነ ገዝቶ ማምጣት አይበቃም፤ የምርምር ስራ ይጠይቃል። ስሪንቃ ከቆቦ ሩቅ አይደለም፣ ማሽላውንም ያውቀዋል። የአህጉሩ የአፍላቶክሲን ቁጥጥር አጋርነት (ፓካ) ደግሞ ፅህፈት ቤቱ አፍሪካ ህብረት ስር፣ አዲስ አበባ ነው ያለው። በር ላይ ያለ ነገር ነው።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ፋብሪካና ሱቅ ላይ ያተኩራል፤ የቆቦ ማሽላ አብዛኛው ፋብሪካ አይገባም፣ ሱቅም አይደርስም። ስለዚህ እህሉ በብዛት አንድ ላይ የሚገናኝበት ቦታ መፈለግ አለበት። ያ ቦታ ዩኒየኑ ነው፣ ለተማሪዎች ምገባ እህል የሚገዛው አካል ነው፣ እርዳታ አቅራቢው ነው። በብዛት የሚገዙ ሰዎች የእርጥበት መለኪያና ፈጣን መመርመሪያ ይዘው ለደረቀና ለንፁህ እህል ጭማሪ ቢከፍሉ የስድስት ኪሎው ቅጣት ወደ ሽልማት ይቀየራል። የወረዳውን ግብርና ፅህፈት ቤት መጠየቅ የምትችሉ ወጣቶች መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄን ይሁን፤ ዘንድሮ ለምገባ የተገዛው ማሽላ እርጥበቱ ተለክቷል? በማን? ስንት ሆነ?

የመጨረሻ ነገር፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለመንደር ሰዎች። እ.ኤ.አ ከ2001 አካባቢ ጀምሮ ሰሜን ምዕራብ ትግራይ ውስጥ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ በጉበት በሽታ ሲሞቱ ምክንያቱን ለማወቅ ዓመታት ፈጅቷል። በስተመጨረሻ ከእህል ጋር የሚቀላቀል መርዛማ አረም ተገኘ፤ አፍላቶክሲን አልነበረም፣ ግን የመጣበት መንገድ ያው ገበታ ነበር። በአንድ ቤት ወይም በአንድ መንደር ብዙ ሰው በተመሳሳይ ጊዜ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ካስመለሰው፣ ውሻና ዶሮም አብረው ከታመሙ ጤና ጣቢያ ቶሎ ይነገር። የሚበሉት እህል ይቁም፣ ግን ሁሉም አይደፋ። ከተለያየ የጉድጓዱ ወይም የጎተራው ክፍል ተዘግኖ የተቀላቀለ ጥቂት ኪሎ በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት፣ ከልጆች ራቅ ብሎ፣ ቀኑና ቦታው ተፅፎበት ይቀመጥ። ላስቲክ ውስጥ አይሁን፣ ያልበው ሻጋታውን ያሳድገዋል።